ፓፓያ ብቻውን አይፈታውም፦ የልጆች የሆድ ድርቀትና ሱሪ ላይ የሚያመልጥ ካካ

ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ነው የጀመረው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፓንቱ ላይ እድፍ አያለሁ። በደንብ ሳይጠረግ ቀርቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በየቀኑ ሆነ። ሽታው ሳሎኑን ይሞላዋል፤ እሱ ግን ምንም ሳይሸተው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ካርቱን ያያል። "ካካ አምልጦሃል እንዴ?" ስለው ዓይን ዓይኔን እያየ "አይ ማሚ" ይላል። የሚዋሽ መሰለኝ። ተቆጣሁት። አንድ ሁለቴማ ቂጡን መታ መታ አድርጌዋለሁ፣ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ክሊኒክ ወሰድኩት። የሚያመልጠው ቀጭን ስለሆነ "ተቅማጥ ይዞታል" አልኳቸው። ሰገራው ተመረመረ፣ ጃርዲያ ተባለ፣ መድኃኒት ታዘዘ። አልቆመም። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፣ እዚያ ደግሞ አሜባ ተባለ። ያንንም ጨረሰ፤ አልቆመም። ሦስተኛዋ ሐኪም የምርመራ ወረቀቶቹን ወደ ጎን አድርጋ ልጁን አልጋ ላይ አስተኛችው። ሆዱን ስትዳብስ ቆየችና "እናቱ፣ እስቲ እጅሽን አምጪ" አለችኝ። ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ በግራ በኩል እጄን አሳረፈችው። እንደ ጭብጦ ጠጠር ያለ ነገር አለ። "ይሄ ሁሉ ካካ ነው። የሚያመልጠው ተቅማጥ አይደለም፣ ሆዱ ደርቆበት ነው" አለች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ያንን ጭብጦ በእጄ ከነካሁ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ በዚህ ነገር ኖሬአለሁ፣ ጠይቄያለሁ፣ አንብቤያለሁ፣ ፓንት አጥቤያለሁ። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ የምለውን ልንገራችሁ።

ሆዱ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ የሚያም ካካ ነው። ልጁ ታሞ ውሃ ሳይጠጣ ሰንብቶ ሊሆን ይችላል። ወይ ከጡት ወደ ላም ወተት ሲዛወር፣ ወይ ዳይፐር ሲያወልቁበት፣ ወይ ትምህርት ቤት ገብቶ ሽንት ቤቱን ሲጠላው። አንድ ቀን ደረቅና ትልቅ ካካ ይወጣል፣ ያማል፣ አንዳንዴም ፊንጢጣው ይሰነጠቅና ትንሽ ደም ይታያል። ልጅ ደግሞ ያመመውን ነገር መድገም አይፈልግም። ስለዚህ ይይዘዋል። አንጀት የተያዘውን ካካ እንዳለ አያቆየውም፣ ውሃውን ይመጠዋል። ካካው ይደርቃል፣ ይተልቃል፣ በሚቀጥለው ጊዜ የባሰ ያማል፣ ልጁም የባሰ ይይዘዋል።

ሳምንታት ሲያልፉ የአንጀቱ መጨረሻ እንደ ፊኛ ይለጠጣል። የተለጠጠ አንጀት "ሞልቻለሁ፣ ሽንት ቤት ሂድ" የሚለውን መልእክት በደንብ አያደርስም። ከላይ የሚመጣው ገና ያልደረቀ ቀጭን ካካ ደግሞ በጠጣሩ ጎንና ጎን እየሾለከ ይወርዳል። ፓንት ላይ የምናየው እሱ ነው። ልጁ ሲያመልጠው አይሰማውም፣ ሽታውንም አፍንጫው ለምዶታል። "አይ ማሚ" ያለኝ እውነቱን ነበር።

ሱሪያቸው ላይ ከሚያመልጣቸው ልጆች ከ10ሩ 8 ያህሉ መነሻቸው ይኸው ድርቀት ነው። ወንዶች ላይ ይበዛል። እልህ አይደለም፣ ስንፍና አይደለም፣ የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም። ይሄን ለባላችሁም፣ ለሞግዚቷም፣ ለአያቱም በደንብ አስረዱ፤ ምክንያቱም በኋላ የሚመጣው ሥራ ሁሉ ማንም ልጁን ካላሸማቀቀው ነው የሚሠራው።

ድርቀት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

በሳምንት ሁለቴ ወይም ከዚያ በታች ካካ የሚል ልጅ ላይ ለመጠርጠር አይከብድም። ግን በየቀኑ እየሄደም ሆዱ የሞላ ልጅ አለ፣ ትንሽ ትንሽ እየወጣ ዋናው ውስጥ ይቀራል። የኔ ልጅ እንደዚያ ስለነበር ነው ድርቀት ይሆናል ብዬ ያላሰብኩት። ስለዚህ ቅርጹን እዩ። እንደ ፍየል በጠጥ ድብልብል ያለ ከሆነ ደርቋል። ከልጁ ዕድሜ ጋር የማይመጣጠን፣ ሽንት ቤቱን የሚደፍን ትልቅ ነገር ከወጣም እንደዚያው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የብሪስቶል ሰንጠረዥ የሚባል ሥዕል አለ፣ ካካን በቅርጹ ከ1 እስከ 7 የሚመድብ። 1 የፍየል በጠጡ ነው፣ 7 ውሃ ነው፣ የምንፈልገው 4ኛውን ነው፤ ለስላሳ፣ ወጥ የሆነ፣ ሳይታገሉት የሚወጣ።

ሌላው የመያዝ ጭፈራ ነው። ልጁ በድንገት ጨዋታውን ያቆማል፣ ሶፋ ወይም መጋረጃ ጥግ ይሄዳል፣ በእግር ጣቶቹ ይቆማል፣ እግሮቹን አጣምሮ ቂጡን ይጨብጣል፣ ፊቱ ይቀላል። እኛ "አይዞህ፣ እያማጠ ነው" እንላለን። እያማጠ አይደለም፣ እንዳይወጣ እየታገለ ነው። ይሄን ካያችሁ ሌላ ማስረጃ ብዙም አያስፈልግም።

ሆዱን ያመዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ካካ ሲል ግን የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል። አንዳንዱ ሽንትም ያመልጠዋል፣ የሞላው አንጀት የሽንት ፊኛውን ስለሚጫነው።

ምግብ ወይስ መድኃኒት?

ቤታችን ውስጥ ትልቁ ክርክር እዚህ ላይ ነበር። አያቱ "ለሆድ ድርቀት ደግሞ ምን መድኃኒት ያስፈልጋል፣ ተልባ ስጪው" አሉ። እኔም ልቤ ወደዚያው ነበር። ሐኪሟ ያዘዘችውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ሦስት ሳምንት ፓፓያና ተልባ ላይ ሙጭጭ አልኩ። ማምለጡ ባሰበት። ሆዱ እየተነፋ ማታ ማታ ያለቅስ ጀመር።

ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። የተደፈነ ቱቦ ላይ ውሃ ብትለቁበት ይሞላል እንጂ አይከፈትም። የምግብ አሰር (ፋይበር) ሥራው ካካን ማብዛትና ማለስለስ ነው፤ መውጫው በደረቀ ካካ በተዘጋ ልጅ ላይ ግን ከኋላ ተጨማሪ ጭነት ከመሆን አያልፍም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይሄንኑ ነው የሚለው፦ ድርቀት ለያዘው ልጅ ምግብ ማስተካከል ብቻውን የመጀመሪያ ሕክምና ሆኖ አይሰጥ፣ ከማለስለሻ ጋር ይሂድ። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የሆድ ዕቃ ሐኪሞች ማኅበራት በ2014 እ.ኤ.አ. በጋራ ያወጡት ምክርም ከዚህ አይርቅም። ለዕድሜው የሚገባውን አሰርና ውሃ ያግኝ ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አሰር፣ ከዚያ በላይ ውሃ፣ ወይም ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት ይጠቅማሉ የሚባሉ ባክቴሪያዎች) መጨመር ግን ድርቀቱን እንደሚያድን ማስረጃ የለም ነው የሚሉት።

ስለዚህ የኔ አቋም ይኼ ነው። ሁለት ቀን የደረቀበት፣ ሳያለቅስ የሚሄድ፣ ምንም የማያመልጠው ልጅ በምግብ ይሞከር። ሱሪው ላይ የሚያመልጠው ልጅ ግን ከምግብ አልፏል፣ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ምግቡ የሚጠቅመው ከጸዳ በኋላ፣ እንዳይመለስበት ነው።

መድኃኒቶቹ እነማን ናቸው?

"የሚያስቀምጥ መድኃኒት" ስንል ሁሉንም አንድ ላይ እናጭቃቸዋለን። አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ካካው ውስጥ ውሃ እንዲቆይ የሚያደርጉ ማለስለሻዎች ናቸው። ከነሱ ውስጥ ለልጆች ቀዳሚው ምርጫ ማክሮጎል ነው፣ ፖሊኢታይሊን ግላይኮልም ይባላል። በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው፣ ወደ ደም የሚገባው እዚህ ግባ የማይባል ነው፣ ውሃውን ይዞ አንጀት ውስጥ ያልፋል። አሜሪካ ያላችሁ ሚራላክስ በሚለው ስም ታውቁታላችሁ። ዕቃው ላይ ከ17 ዓመት በላይ ይላል፣ የሕፃናት ሐኪሞች ግን ለልጆችም ያዙታል፤ ስለዚህ ከመደርደሪያ አንስታችሁ በራሳችሁ ከመጀመር ሐኪሙን ጠይቁ። ማክሮጎል ካልተገኘ ላክቱሎስ አለ፣ ጣፋጭ ወፍራም ሽሮፕ። እሱም ጥሩ ነው፣ ግን ሆድ ይነፋል፣ ጋዝ ያበዛል፣ ለመሥራትም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈልጋል። ዛሬ ሰጥታችሁ ዛሬ ማታ "አልሠራም" አትበሉ።

ሁለተኛዎቹ አንጀቱን ራሱን የሚያነሳሱ ናቸው፣ እንደ ቢሳኮዲልና ሴና። እነዚህ ማለስለሻው ብቻውን ሳይበቃ ሲቀር ሐኪም የሚጨምራቸው ናቸው። በፊንጢጣ የሚገባውም አለ። ይሠራል፣ ግን በአፍ የሚወሰድ ማክሮጎል የተጠራቀመውን በማስወጣት በኩል ከእሱ አያንስም፤ መቀመጫው አካባቢ ፍርሃት የገባውን ልጅ ደግሞ ይዞ በግድ ማስገባት ፍርሃቱን እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በአፍ መጀመር ይሻላል።

"አንጀቱ ይለምድበታል" የሚለውን ያልሰማሁበት ቀን የለም። ጎረቤትም፣ ፋርማሲ ውስጥ የቆመ ሰውም ብሎኛል። ማክሮጎልና ላክቱሎስ አንጀትን ሰነፍ አያደርጉም። አንጀትን የሚያሰንፈው ለወራት ተለጥጦ መቆየቱ ነው። መድኃኒቱን ሲያቆም ድርቀቱ የሚመለሰው ሱስ ስለሆነበት አይደለም፣ የተለጠጠው ሳይሰበሰብ ያለ ጊዜው ስላቆምን ነው።

መጀመሪያ ማጽዳት

የተጠራቀመው ካልወጣ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ የተጠራቀመ አለ ካለ ለጥቂት ቀናት ከፍ ያለ መጠን ያዛል። ያ የ2014ቱ ምክር ለማክሮጎል የሚያስቀምጠው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ነው፣ ከ3 እስከ 6 ቀን። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መሆኑ ነው። ይሄን የነገርኳችሁ ሐኪሙ የጻፈው ብዙ መስሎ ሲታያችሁ እንዳትደነግጡና በራሳችሁ እንዳትቀንሱት ነው። ያለ ሐኪም ለክታችሁ እንድትሰጡ አይደለም።

ጊዜውን ምረጡ። እኛ ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጀመርን፣ የሚቀጥለው ሳምንት ዕረፍት ነበርና። ዱቄቱን በተባለው የውሃ መጠን በጥብጣችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ ቀዝቀዝ ሲል ይጠጣል። በአንዴ ማስጨረስ የለባችሁም፣ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ። አልጋው ላይ ፕላስቲክ አንጥፉ። ፓንት በብዛት አዘጋጁ። ምክንያቱም ከመሻሉ በፊት ይብሳል፣ ማምለጡ ለጥቂት ቀን ይጨምራል፣ ሆዱንም ቁርጠት ይይዘዋል። በሁለተኛው ቀን "ተዪው፣ ልጁን ገደልሽው" የሚል ሰው ቤታችሁ ውስጥ መምጣቱ አይቀርም። እኔ ቤት መጥቷል።

መጀመሪያ ጠጣር ጠጣሩ ይወጣል። ከዚያ የተደባለቀ። በመጨረሻ ጠጣር የሌለበት ቡናማ ውሃ ብቻ ሲሆን ጸድቷል ማለት ነው። የኛ በአራተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ደረሰ። ልጁ ከሽንት ቤት ወጥቶ ሆዱን ገልጦ እያየ "ማሚ ሆዴ ጠፋ" አለኝ።

ከዚያ ረጅሙ ክፍል

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጸዳ ብሎ ያቆማል፣ በሁለት ሳምንት እዚያው ይመለሳል። ከጸዳ በኋላ በየቀኑ አነስ ያለ መጠን ይቀጥላል፤ ለማክሮጎል አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በቀን በኪሎ 0.4 ግራም አካባቢ ሲሆን እንደ ካካው ሁኔታ ከፍ ዝቅ ይላል። ዓላማው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለስላሳ፣ የማያም ካካ ነው። ቢያንስ 2 ወር። ከዚያም ሙሉ ለሙሉ ደህና ከሆነ አንድ ወር ካለፈው በኋላ ነው መቀነስ የሚጀመረው፣ ያውም ቀስ በቀስ። ለብዙ ልጆች ወራት ይፈጃል። ሐኪም ዘንድ ተልከው ክትትል ከሚደረግላቸው ልጆች ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ድነው መድኃኒት የሚያቆሙት ግማሽ ያህሉ ናቸው። የሰፈሩ ልጅ በሁለት ሳምንት ዳነ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ። ቀን፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ ካካ አለ ወይስ የለም፣ የብሪስቶል ቁጥሩ ስንት፣ አምልጦታል ወይ። ይቺ ወረቀት ሐኪም ጋ ስትሄዱ ከማንኛውም ምርመራ በላይ ትጠቅማለች። ካካው ውሃ ከሆነ ትንሽ ቀንሱ፣ ከደረቀ ትንሽ ጨምሩ፤ በምን ያህል እንደሚቀነስና እንደሚጨመር ግን መጀመሪያውኑ ሐኪሙን አስጽፉ።

መቀመጥ

መድኃኒቱ ካካውን ያለሰልሳል፣ ሽንት ቤት ግን አያስቀምጠውም። ሰው ሲበላ አንጀቱ ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ ከቁርስና ከራት በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ አስቀምጡት፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ከዚያ በላይ ቅጣት ይሆናል። መጣም አልመጣም ይነሳል። የምታመሰግኑት ስለተቀመጠ ነው፣ ስለወጣለት አይደለም፤ መቀመጥ በእጁ ነው፣ መውጣቱ ግን ገና በእጁ አይደለም። እኛ ቤት ለእያንዳንዱ መቀመጥ አንድ ኮከብ ነበር፣ 10 ኮከብ ሲሞላ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ።

እግሩ አይንጠልጠል። በቁጢጥ የሚቀመጡበት ሽንት ቤት ያላችሁ ለዚህ ጉዳይ ዕድለኞች ናችሁ፣ አቀማመጡ ትክክል ነው። ዘመናዊው ላይ ግን የልጅ እግር መሬት አይደርስም፣ ተንጠልጥሎ ደግሞ መግፋት አይቻልም። አንድ ዱካ ከእግሩ ስር አድርጉለት፣ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ይበል፣ ወደፊት ጎንበስ ይበል። ጉድጓዱ ሰፍቶት የምወድቅ ይመስለኛል የሚል ከሆነ ትንሽዬ የልጅ መቀመጫ ከላይ ይደረግለት። ግፋ ሲሉት እንዴት እንደሚገፋ ለማያውቅ ልጅ ደግሞ ፊኛ ስጡትና ይንፋ። ሲነፋ ሆዱ ራሱ ይገፋል።

አሁን ወደ ምግቡ

ተልባንና ፓፓያን አልናቅኩም፣ ቦታቸውን ነው የቀየርኩት። ከሁለት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው አሰር ቀላል ስሌት አለው፣ ዕድሜው ላይ 5 ግራም መጨመር ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ 10 ግራም። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር ወደ 8 ግራም አለው። አንድ ብርቱካን 3 ግራም ገደማ፣ ግማሽ አቮካዶ ወደ 6። አያችሁ፣ የኛ ምግብ ለዚህ አያንስም። ችግሩ ልጆቻችን የኛን ምግብ እየበሉ አለመሆናቸው ነው። የልጄን ቀን ቆጥሬ አየሁት፦ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ እቃው ውስጥ ፓስታ፣ መክሰስ ብስኩትና ወተት፣ ማታ ሩዝ። አንድም አሰር የበዛበት ነገር የለም። (በጾም ቤታችን ሽሮና ጎመን ሲበዛ ይሻለው ነበር፣ በፋሲካ ማግስት ይብሰዋል። ይሄን እንኳን ያስተዋልኩት ከወረቀቷ ነው።)

ጠዋት ቂንጬ ወይም የአጃ ገንፎ አደረግን። ምሳ እቃው ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ ገባ። እንጀራው ጤፉ የበዛበት ይሁን፣ ሩዝ የበዛበት ነጭ እንጀራ ለዚህ አይረዳም። መክሰስ ላይ ብስኩቱን በፓፓያ፣ በብርቱካን ወይም በፕሪም ቀየርን፤ ፕሪም ውስጥ ያለው ሶርቢቶል የሚባል ስኳር ራሱ እንደ ቀላል ማለስለሻ ነው። ተልባ ተፈጭቶ በብዙ ውሃ ተበጥብጦ ጥሩ ነው፣ ያለ በቂ ውሃ ከተሰጠ ግን ራሱ ያደርቃል። በሶም እንደዚያው። ቆሎ ለትንንሾቹ አትስጡ፣ ያንቃል። አሰሩንም በአንድ ቀን አትቆልሉት፣ ሆዱ ይነፋል።

ወተት። ሰው የማይቀበለኝ ነጥብ ይሄ ነው። ቀኑን ሙሉ ወተት የሚጠጣ ልጅ ሌላ ምግብ አይበላም። በቀን ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። ሁሉንም ሞክረው እምቢ ላላቸው አንዳንድ ልጆች ሐኪም የላም ወተትን ከ2 እስከ 4 ሳምንት አስቁሞ ሊያይ ይችላል፣ ያንን ግን በራሳችሁ አታድርጉት። ውሃ በቀን 5 ወይም 6 ብርጭቆ በቂው ነው፤ ማክሮጎሉ የተበጠበጠበት ውሃ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም፣ እሱ ካካው ጋር ነው የሚወጣው። ልጁ የአይረን ሽሮፕ የሚወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩት፣ እሱም ያደርቃል።

ትምህርት ቤት

ብዙ ልጅ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚይዘው የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት ስለሚፈራው ነው። የኔው ሲነግረኝ ውሃ የለም፣ በሩ አይዘጋም፣ ትልልቆቹ ይስቁበታል። አንዷ አስተማሪ ደግሞ ልጆቹ ፊት "ይሄ ሕፃን ነው፣ ዳይፐር አምጡለት" ብላዋለች። ሄጄ ሳልጮህ፣ የሐኪሙን ማስታወሻ ይዤ፣ ከዋና ሚሱ ጋር ቁጭ ብዬ አወራሁ። የጠየቅኩት ሦስት ነገር ብቻ ነው። እጁን ሲያወጣ ሳይጠየቅ ይሂድ። የሠራተኞቹን ሽንት ቤት ይጠቀም። ካመለጠው ማንም ሳያይ በጎን ይቀይር። ቦርሳው ግርጌ ላይ በማያሳይ ፌስታል አንድ ትርፍ ፓንት፣ እርጥብ መጥረጊያና ሶፍት አስቀመጥኩለት። ቤትም ሲያመልጠው ያለ ንግግር አብራችሁ አጽዱና ወደ ጨዋታው ይመለስ።

እነዚህን አታድርጉ

ሳሙና ቀርጾ በፊንጢጣ ማስገባት፣ አሁንም የሚያደርገው ሰው አለ፣ ያቃጥላል፣ ያቆስላል። ኮሶም ሆነ እንቆቆ ለልጅ አይሰጥም፣ ሊመርዘው ይችላል። የጉሎ ዘይት ሆዱን ይቆርጠዋል እንጂ ችግሩን አይፈታውም። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር በፍጹም። የሚያመልጠውን ተቅማጥ ነው ብላችሁ ተቅማጥ ማቆሚያ ከሰጣችሁት ደግሞ የተዘጋውን ይበልጥ መዝጋት ነው። የትል መድኃኒትም ትል ካለ ለትሉ ነው፣ ድርቀቱን አይነካውም።

ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ የምትሄዱት

አብዛኛው ልጅ ላይ ከጀርባው ሌላ በሽታ የለም። ግን ድርቀቱ ከተወለደ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ከሆነ፣ ወይም ሲወለድ የመጀመሪያውን ጥቁር ካካ በ48 ሰዓት ውስጥ ካላስወጣ፣ አንጀቱ ላይ ነርቭ የጎደለው ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። አረንጓዴ የሚያስመልሰው፣ ሆዱ ተነፍቶ የጠጠረ፣ ትኩሳት ያለው፣ ክብደት የማይጨምር፣ ሰገራው ላይ ብዙ ደም ያለበት፣ እግሩ የሚዝል ወይም አካሄዱ የተለወጠ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ጀርባው ላይ ለየት ያለ ጸጉር ወይም ስርጉድ ያለበት ልጅ ጊዜ አይሰጥም። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ለቀናት ካካ ሳይል ቢቆይና ሲወጣ ለስላሳ ከሆነ፣ በደህና ከጠባና ካደገ፣ ድርቀት አይደለም። ተዉት።

ስታቆሙት

ዝቅ የምታደርጉት በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ነው። ወረቀቷ ላይ ቁጥሩ ወደ 2 ወይም 1 ከወረደ ወደነበረው መጠን ተመለሱ፣ ምንም ኪሳራ የለውም። መቀመጡን መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ቀጥሉበት። የሚመለስባቸው ጊዜያት ይታወቃሉ፦ ሲታመም፣ መንገድ ስትወጡ፣ ቤት ስትቀይሩ፣ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት።

የኔ ልጅ በዘጠነኛው ወር ጨረሰ። መስከረም ላይ አዲስ ክፍል ገባ፣ በሁለተኛው ሳምንት መጋረጃው ጥግ በእግር ጣቶቹ ቆሞ አየሁት። ለሐኪሟ ደወልኩ፣ ዱቄቱን ዳግም ጀመርን፣ ፓንት ላይ ሳይደርስ በሦስት ሳምንት አለፈ። ባለፈው ወር ቦርሳውን ላጥብ ስገለብጥ ያቺ ትርፍ ፓንት ከነፌስታሏ ወደቀች። ለካኋት፣ ጠባዋለች። አንድም ቀን አልለበሳትም።